ሲነኳት የምትታጠፍ ቅጠል

መስከረም ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት እናቴንና የእህቴን ልጅ ይዤ ከደሴ ወደ ሐይቅ ወርጄ ነበር። ክረምቱ አጥግቦ ስለ ሄደ የሐይቁ ዳር መስክ ገና እርጥብ ነበር፤ ልጁ ጭቃው ዳር ተንበርክኮ እንደ ወፍ ላባ የተሰደሩ ጥቃቅን ቅጠሎችና ቢጫ አበባ ያላትን አንዲት አነስተኛ ተክል በጣቱ ይደባብስ ጀመር። ጥቂት ቆይቶ «አጎቴ፣ ይቺ ቅጠል አኮረፈችኝ!» ብሎ ጠራኝ። ቀርቤ ባየው ግራና ቀኝ ተዘርግተው የነበሩት ጥቃቅን ቅጠሎች ቀስ እያሉ ወደ ላይ ተነሥተው እንደ ተዘጋ መጽሐፍ እርስ በርስ ተጋጥመዋል። እናቴም ጎንበስ ብላ አየቻትና «ተዋት ልጄ፣ ዓይነ አፋር ናት» አለችው።

እናቴ የላቲንም የግሪክም ቋንቋ አታውቅም፤ ነገር ግን የተናገረችው ቃል ሊቃውንቱ ለእነዚህ ተክሎች ከሰጧቸው ስም ጋር አንድ ነው። ከሁሉም የታወቀችውን ተክል ስዊድናዊው ካርል ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1753 ሚሞሳ ፑዲካ ብሎ ሲሰይማት «ፑዲካ» ያለው አፋር፣ ጭምት ለማለት ነው። ልጁ ሐይቁ ዳር ያገኛት ተክል ግን ሚሞሳ አይደለችም፤ አበባዋ እንደ አተር አበባ ቢራቢሮ የሚመስል፣ ፍሬዋም በየአንጓው የሚቆራረጥ ስለ ሆነ ኤስኪኖሜኔ ከሚባለው ወገን መሆኗን ለየሁ። ይህም ስም ከግሪክ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ «የምታፍር» ማለት ነው። እጅ ሲቀርባት ቅጠሏን ስለምትሰበስብ ተክል በዚህ ስም የጻፈው ሮማዊው ፕሊኒ የኖረው በ1ኛው ክፍለ ዘመን ነው። በየዘመኑና በየአገሩ ያለ ሰው ይህን ነገር ባየ ጊዜ በሐሳቡ የመጣለት ኀፍረት ነው ማለት ነው።

ልጁ ግን በዚህ አልረካም። ወደ ደሴ ስንመለስ መንገዱን ሁሉ ያለ ነርቭ መነካቷን እንዴት እንደምታውቅ፣ ያለ ጡንቻስ እንዴት እንደምትንቀሳቀስ ሲጠይቀኝ ዋለ። ያን ዕለት የሰጠሁት መልስ አጭርና ጎደሎ ስለ ነበር እነሆ አሁን አስፋፍቼ እጽፈዋለሁ።

በመጀመሪያ ስለ ዘመዶቿ ጥቂት ልበል። የአተር ቤተሰብ ወደ 20,000 የሚጠጉ ዝርያዎች ያሉት ሲሆን በእኛ አገር ከደጋው ባቄላ፣ አተርና ምስር፣ ከወይና ደጋው ሽምብራ፣ ጓያና አብሽ፣ ከቆላው ማሾና ቦሎቄ፣ ከዛፎቹም ግራርና ሮቃ ሁሉ የዚህ ቤተሰብ አባላት ናቸው። ከዚህ ሁሉ መካከል ሲነኩ ዓይን እያየ ቅጠላቸውን የሚያጥፉት እጅግ ጥቂት ናቸው፤ ሚሞሳ ተብሎ በሚጠራው ወገን ውስጥ እንኳ ካሉት ከ500 በላይ ዝርያዎች የሚበዙት ሲነኩ ዝም ይላሉ። ሚሞሳ ፑዲካ ትውልዷ ሞቃታማው የአሜሪካ ክፍል ነው፤ አበባዋም ሐምራዊ ሆኖ እንደ ጥጥ ኳስ ክብ ነው። ውኃ ላይ ተንሳፋ የምትኖረው ኔፕቱኒያም የዚሁ ጠባይ ባለቤት ስትሆን በደቡብ ምሥራቅ እስያ ሰዎች እንደ ጎመን ይበሏታል። ቢጫ አበባዋን አምስት ቦታ ከፍላ የምትዘረጋው ካማእክሪስታ በአገራችን የምትገኝ ሲሆን፣ ሲነኳት የምትመልሰው መልስ ግን የለዘበና ዘገምተኛ ነው። ከኤስኪኖሜኔ ወገን መካከል ደግሞ ስሟ ራሱ «የአቢሲኒያ» የሆነ ዝርያ አለች። የዚችው ወገን ትልቋ ዘመድ አምባች እንጨቷ እጅግ ቀላል በመሆኑ በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ታንኳ ይሠሩባታል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። የሚሞሳን ቅጠል አስተውሎ ያየ ሰው ሦስት ዓይነት መጋጠሚያ ያገኛል። አንዱ ረጅሙ የቅጠል ዘንግ ከግንዱ ጋር የሚገናኝበት ነው፤ ሁለተኛው ዘንጉ እንደ እጅ ጣት በሚከፈልበት ቦታ ይገኛል፤ ሦስተኛው ደግሞ እያንዳንዷ ጥቃቅን ቅጠል ከጣቱ ጋር በምትያያዝበት ቦታ ነው። በእነዚህ መጋጠሚያዎች ሁሉ ላይ እንደ ትንሽ ጉልበት ያበጠ ሥጋ አለ። ሳይንሱ ይህን ክፍል ፑልቪነስ ይለዋል፤ ቃሉ በላቲን መከዳ ማለት ስለ ሆነ እኔም ከዚህ በኋላ መከዳ እያልሁ እጠራዋለሁ። ለንቅናቄው ሁሉ ተጠያቂው ይህ መከዳ ነው፤ የቀረው የቅጠሉ አካል የሚጎተት ብቻ ነው።

መከዳው መካከሉ ላይ ጠንካራ ግን ተጣጣፊ ገመድ የመሰለ የውኃና የምግብ መተላለፊያ ሥር አለው። በዚህ ገመድ ዙሪያ፣ ከላይና ከታች፣ ግድግዳቸው የሚለጠጥ ብዙ ሕዋሳት ተደርድረዋል። ሁለት ስልቾችን አስቡ፤ አንዱ ከዘንጉ በላይ፣ አንዱ ከዘንጉ በታች ታስሯል፤ ሁለቱም ውኃ ጢም ብለው ሲሞሉ ዘንጉ ቀጥ ብሎ ይቆማል። የታችኛው ስልቻ ድንገት ውኃውን ቢያፈስስ የላይኛው ገፍቶ ዘንጉን ወደ ታች ይጥለዋል። የሚሞሳ ዘንግ ሲነካ ዝቅ የሚለው በዚሁ መንገድ ነው። ጥቃቅኖቹ ቅጠሎች ግን ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች አይታጠፉም፤ ምክንያቱም በእነርሱ መከዳ ላይ ውኃ የሚያፈስሰው የላይኛው ወገን ነው። አንድ ዓይነት አሠራር፣ የሚፈስሰው ወገን ብቻ በመለወጡ፣ ዘንጉን ወደ ታች ሲያወርድ ቅጠሉን ወደ ላይ ያነሣዋል። ይህ ነገር ከተክሏ ሥራ ሁሉ አብልጦ ያስደንቀኛል።

ነገር ግን ስልቻው ቀዳዳ ሳይኖረው ውኃው እንዴት ሊወጣ ቻለ? መልሱ ከወጥ ቤት ሊገኝ ይችላል። በተከተፈ ቲማቲምና ቃሪያ ላይ ጨው የነሰነሰች ሴት ጥቂት ቆይታ ብትመለስ ሳህኑ ውኃ አዝሎ ታገኘዋለች፤ ጨው ባለበት ውኃ ይከተላልና። መከዳው ውስጥ ያሉ ሕዋሳት በዕረፍት ጊዜ ጉልበት እያወጡ ፖታሲየምና ክሎራይድ የተባሉትን የጨው ዘሮች ወደ ውስጣቸው ያከማቻሉ፤ ውኃውም ጨዉን ተከትሎ ይገባና ሕዋሱን ይወጥረዋል። ቅጠሏ ስትነካ በሕዋሳቱ ሽፋን ላይ ያሉ ጥቃቅን በሮች ድንገት ይከፈታሉ፤ የተከማቸው ጨው ወደ ውጭ ይፈስሳል፤ ውኃውም ሳይውል ሳያድር ይከተለዋል። ያ የተወጠረ ሕዋስ ለመርገብ አንድ ወይም ሁለት ሰከንድ ይበቃዋል። እንግዲህ እዚህ ላይ የሚጎትት ጡንቻ የለም፤ ያለው ተከማችቶ የቆየ ግፊት ሲለቀቅ ብቻ ነው።

ቅጠሉ መውደቁ ፈጣን ሆኖ መነሣቱ ዘገምተኛ የሚሆነውም ስለዚህ ነው። በሩ ሲከፈት ጨው በራሱ ወርዶ ይፈስሳል፤ መልሶ ማስገባት ግን ዳገት ሆኖ ጉልበት ይጠይቃል። ሚሞሳ ፑዲካ ዳግመኛ ለመዘርጋት ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ያህል ይወስድባታል። በዚህ ጊዜ ሁሉ ቅጠሏ ታጥፎ ፀሐይ ሳይሞቅ ስለሚቆይ የምታዘጋጀው ምግብ ይቀንሳል። ተክሏ ለመታጠፍ የምትከፍለው ዋጋ አለ ማለት ነው፤ ስለዚህ ልጆች ለጨዋታ ሲሉ አሁንም አሁንም ባይነኳት ደስ ይለኛል።

እስካሁን ያልነው ስለ ንቅናቄው እንጂ ስለ መልእክቱ አይደለም። አንዲት ጥቃቅን ቅጠል ብቻ ብትነካ ወይም ጫፏ በክብሪት ቢለበለብ የጎረቤቶቿ ቅጠሎች ጥንድ በጥንድ ተራ ጠብቀው ይታጠፋሉ፤ በመጨረሻም ዘንጉ በሙሉ ዝቅ ይላል። ወሬው ከጫፍ ወደ ግንድ ተጉዟል። የተሸከመው ምን ነበር? ሁለት መልሶች ለብዙ ዘመን ሲከራከሩ ቆይተዋል።

የመጀመሪያውን መልስ አጥብቆ የያዘው እ.ኤ.አ. በ1858 በቤንጋል የተወለደው የፊዚክስ ሊቅ ጃጋዲሽ ቻንድራ ቦዝ ነው። ስለ ሬድዮ ሞገድ ቀድሞ የመረመረው ይህ ሰው በኋላ ወደ ተክሎች ዞሮ እጅግ ስሱ መሣሪያዎችን በእጁ ሠራ፤ በሚሞሳ ዘንግ ውስጥ የኤሌክትሪክ ምት እንደሚያልፍም ለካ። ተክልም የነርቭ ያህል መልእክት ማስተላለፊያ አላት በማለቱ በጊዜው ብዙዎች አልተቀበሉትም ነበር። ሆኖም የኤሌክትሪኩ ምት እውነተኛ ነው፤ በሰከንድ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ያህል ይጓዛል። በሰው ነርቭ ውስጥ ፈጣኑ መልእክት በሰከንድ ወደ 100 ሜትር እንደሚደርስ ስናስብ የተክሏ እጅግ ቀርፋፋ ነው፤ ግን አንድ ጣት ለምታህል ቅጠል ይበቃታል። ሁለተኛውን መልስ ያመጣው ጣሊያናዊው ኡባልዶ ሪካ እ.ኤ.አ. በ1916 ያደረገው ሙከራ ነው። የሚሞሳን ግንድ ቆርጦ ሁለቱን ቁራጮች ውኃ በሞላ ቱቦ አገናኛቸው፤ ታችኛውን ክፍል ሲያቆስለው ወሬው በቱቦው ውኃ አልፎ የላይኛውን ቅጠል አጠፈው። ኤሌክትሪክ በሕያው ሕዋስ እንጂ በቱቦ ውኃ እንዲህ ሊያልፍ ስለማይችል፣ ከቁስሉ የወጣ አንድ ንጥረ ነገር በውኃው ተጉዟል ማለት ነው። ዛሬ ሁለቱም ትክክል እንደ ነበሩ እናውቃለን፤ ለቀላል መነካት ኤሌክትሪኩ ይበቃል፤ ቁስልና ቃጠሎ ሲደርስ ግን ኬሚካሉም ይታከልበታል።

ነርቭ የላትም ስንል ግን ከእንስሳ ጋር ምንም የሚያገናኛት ነገር የለም ማለት አይደለም። ፈረንሳዊው ሐኪምና ተመራማሪ ክሎድ በርናር በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ሚሞሳን በመስታወት ክዳን ሸፍኖ ለቀዶ ሕክምና ሰው የሚደነዝዝበትን ኤተር አሸተታት፤ ቢነኳትም አልታጠፈችም፤ ንጹሕ አየር ባገኘች ጊዜ ግን ጠባይዋ ተመለሰላት። ሰውን የሚያደነዝዘው መድኃኒት ነርቭ የሌላትን ተክልም አደነዘዘ። በሕያው ሕዋስ ሽፋን ላይ የሚደረገው ነገር በሁለታችንም ዘንድ የሚመሳሰልበት ወገን እንዳለ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

አንባቢው «ይህ ሁሉ ስለ አሜሪካ ተክል ነው፤ እኛን ምን ያገባናል?» ሊል ይችላል። መልሱን ከኮምቦልቻ ወደ ከሚሴ ወይም ወደ ባቲ በሚወስደው መንገድ ዳር ካለ ግራር ሥር ሆኖ ፀሐይ ስትጠልቅ ማየት ይቻላል። ቀን ተበትነው የነበሩት ጥቃቅን ቅጠሎች ማምሻውን አንድ በአንድ ይገጥማሉ፤ ሲነጋ ደግሞ ይከፈታሉ። በእርከን ላይ የተተከለች ሰስባንያም፣ ለከብት መኖ የምትተከለው ሉኪናም እንዲሁ ያደርጋሉ። ቦሎቄ ቅጠሉን ወደ ታች አንጠልጥሎ ያድራል። በእነዚህ ሁሉ መጋጠሚያዎች ላይ ያው መከዳ አለ፤ የሚገባና የሚወጣውም ያው ጨውና ያው ውኃ ነው። ልዩነቱ የእኛዎቹ በዝግታ፣ የቀንና የሌሊትን ሰዓት ጠብቀው ማድረጋቸው ነው። እንግዲህ ዓይነ አፋሯ ተክል አዲስ አካል አልፈጠረችም፤ ቤተሰቡ ሁሉ ለመኝታ የሚጠቀምበትን መሣሪያ ለድንገተኛ አደጋም አዋለችው እንጂ።

የቅጠሎች መኝታ ከታወቀ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ከታላቁ እስክንድር ጋር የዘመተው የባሕር አለቃ አንድሮስቴነስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው ክፍለ ዘመን፣ ዛሬ ባሕሬን በሚባለው ደሴት ላይ ሌሊት ቅጠሉን የሚዘጋ ዛፍ እንዳየ ጽፏል፤ ያ ዛፍ ሮቃ ነበር ተብሎ ይታመናል። የወሎ ቆላ ሰው ሮቃን የሚያውቀው በጎምዛዛ ፍሬው ቢሆንም የቅጠሉን መኝታ ግን ልብ ብሎ ያየ ብዙ አይመስለኝም።

ነገሩን ወደ ሙከራ የወሰደው ፈረንሳዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ዣን ዣክ ዶርቱ ደ ሜራን ነው። እ.ኤ.አ. በ1729 ሚሞሳን ብርሃን ወደማይደርስበት ቦታ አስገባት፤ ፀሐይ ሳታይም ቀን ሲሆን ተዘረጋች፤ ሌሊት ሲሆን ታጠፈች። ከ100 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1832፣ የስዊሱ ኦጉስተን ዴ ካንዶል የተክሏ ዙር ያለ ፀሐይ ስትኖር በትክክል 24 ሰዓት ሳይሆን ከ22 እስከ 23 ሰዓት ያህል መሆኑን አረጋገጠ። ይህ ትንሽ ልዩነት ታላቅ ነገር አለው፤ ተክሏ ከውጭ የምትሰማው አንዳች ምልክት ቢኖር ኖሮ ዙሯ ከመሬት መዞር ጋር 24 ሰዓት በሆነ ነበር። ስለዚህ ሰዓቱ በውስጧ ነው፤ የፀሐይ ብርሃን በየዕለቱ ያስተካክለዋል እንጂ አይሠራውም። ይህን መሰል የውስጥ ሰዓት በፍራፍሬ ዝንብ ላይ በጂን (ጠባይን ከወላጅ ወደ ልጅ በሚያስተላልፈው የሕዋስ ክፍል) ደረጃ የገለጡት ጄፍሪ ሆል፣ ማይክል ሮስባሽና ማይክል ያንግ እ.ኤ.አ. በ2017 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። የዚህ ትምህርት መነሻ ሆኖ ዛሬም የሚጠቀሰው ያ በጨለማ የተቀመጠ የሚሞሳ ማሰሮ ነው።

መኝታና መነካት ግን አንድ አይደሉም። በበርሊን የተወለደው ኤርንስት ብሩከ እ.ኤ.አ. በ1848 እንዳሳየው የተኛ ቅጠል መከዳው ጠንካራ እንደ ሆነ ይቆያል፤ ስለ ተነካ የታጠፈው ግን መከዳው ረግቦ ይለሰልሳል። በዓይን ሲያዩአቸው የሚመሳሰሉት እነዚህ ሁለት ሁኔታዎች በውስጣቸው ይለያያሉ። በሌሊት የታጠፈች ሚሞሳ ብትነካ ዘንጓ እንደገና መውደቅ የሚችለውም ስለዚህ ነው።

ቅጠል ሌሊት የሚታጠፈው ለምንድን ነው? ቻርልስ ዳርዊን ከልጁ ከፍራንሲስ ጋር የሰጠው መልስ የደጋውን ገበሬ ልብ የሚያገኝ ነው። የወረኢሉና የዴላንታ ገበሬ በጥቅምትና በኅዳር ሰማዩ ጠርቶ ኮከብ ሲበዛ ውርጭ እንደሚመጣ፣ ደመና ካለ ግን እንደሚተርፍ ያውቃል፤ መሬትም ቅጠልም ሙቀታቸውን ወደ ጠራው ሰማይ ይለቃሉና። ዳርዊን እንዲህ አሰበ፦ የተዘረጋ ቅጠል ፊቱን በሙሉ ለሰማይ ስለሚሰጥ ብዙ ሙቀት ያጣል፤ የቆመ ወይም የተጋጠመ ቅጠል ግን ጥቂት። ይህንንም ለመፈተን የአንዳንድ ተክሎችን ቅጠሎች በቡሽ ላይ በመርፌ አያይዞ እንዳይታጠፉ አደረገና በጠራ ሌሊት ውጭ አሳደራቸው፤ ሲነጋ እንዲታጠፉ ከተተዉት ይልቅ ታስረው የተዘረጉት በብርድ ተጎድተው ተገኙ። ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1880 አሳተመው። ይህ መልስ ለቀዝቃዛ ቦታ ጥሩ ቢሆንም ውርጭ በማያውቀው ቆላ ያሉ ዛፎች ለምን እንደሚታጠፉ አይገልጽም፤ ስለዚህ ብቻውን ይበቃል ብዬ አላምንም።

ቅጠል ማታ መታጠፉ ምን ያህል የቆየ ነገር እንደ ሆነ የገለጠው ደግሞ ትል ነው። ትል የታጠፈን ቅጠል ከበሳው በሁለቱ ወገን ላይ ትይዩ የሆኑ ቀዳዳዎች ይተዋል፤ ወረቀት ሁለት አጥፎ በመቀስ የቀደደ ልጅ ይህን ያውቃል። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2023 ባሳተሙት ጥናት ከ250 ሚሊዮን ዓመት በላይ ያስቆጠሩ፣ በቻይና የተገኙ የቅጠል ቅሪቶች ላይ እንዲህ ትይዩ የሆኑ ቀዳዳዎችን አግኝተዋል። የዚያ ዘመን ተክሎች ከአተር ቤተሰብ ጋር ዝምድና ባይኖራቸውም ቅጠላቸው ሌሊት ይታጠፍ እንደ ነበር ከትሉ ጥርስ ታወቀ። ሰስባንያ ያለው ሰው ጧት ተነሥቶ ትል የበላውን ቅጠል ቢመረምር ምናልባት ይህንኑ ምልክት በእርከኑ ላይ ያገኘው ይሆናል።

ለመነካት የሚሰጠው መልስ ጥቅሙ ለረጅም ጊዜ በግምት ብቻ ሲነገር ነበር። ቅጠሉ ሲታጠፍ እሾሁ ይገለጣል፤ ለምለም የነበረው ደርቆ የጠወለገ ይመስላል፤ ሊበላ የመጣ ፍየልም ያልፈዋል ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 በጃፓን የሳይታማ ዩኒቨርሲቲው ማሳትሱጉ ቶዮታና ባልደረቦቹ ነገሩን በግልጽ ፈተኑት። በመጀመሪያ ካልሲየም በሕዋስ ውስጥ ሲጨምር የሚያበራ ፕሮቲን ሚሞሳ ውስጥ አስገቡ፤ ቅጠሏ ስትቆስል ብርሃኑ ከቁስሉ ተነሥቶ እንደ ማዕበል ሲጓዝ ታየ፤ መከዳው ላይ ከደረሰም በኋላ በሰከንድ አንድ አሥረኛ ያህል ጊዜ ውስጥ ቅጠሉ ታጠፈ። ቀጥሎም አንድ ጂን አጥፍተው መከዳ የሌላት ሚሞሳ አበቀሉና ፌንጣ ለቀቁባት። መታጠፍ ያልቻለችው ተክል መታጠፍ ከምትችለው ይበልጥ ተበላች።

ያ ጂን በአተርም ውስጥ አለ። በዚህ ጂን ጉድለት ያገኛቸው አተሮች መከዳ ስለማይሠሩ ቅጠላቸው ሌሊት አይታጠፍም። ፌንጣን የምታባርረው የአሜሪካዊቷ ሚሞሳ መሣሪያና በእኛ ማሳ ያለው አተር መኝታ ከአንድ ሥር የወጡ ለመሆናቸው ከዚህ የበለጠ ማረጋገጫ አያስፈልግም።

አንድ ቀሪ ጥያቄ አለ፤ እርሱም ተክሏ ታስታውሳለች ወይ የሚለው ነው። ፈረንሳዊው ረኔ ዴፎንቴን ሚሞሳን በሠረገላ ጭኖ በፓሪስ ጎዳና እንዳስዞራት ይነገራል፤ መጀመሪያ መንገጫገጩ አስደንግጧት ታጠፈች፤ ሠረገላው ሳይቆም ግን ቆየት ብላ ተዘረጋች። ይህ ለብዙ ዘመን እንደ ተረት ሲነገር ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2014 በምዕራብ አውስትራሊያ ዩኒቨርሲቲ ትሠራ የነበረችው ሞኒካ ጋሊያኖ ከባልደረቦቿ ጋር በሥርዓት ሞከረችው። ተክሎቹን ከማሰሯቸው ጋር ከ15 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ለስላሳ ነገር ላይ 60 ጊዜ በተከታታይ ጣለቻቸው። መጀመሪያ ታጠፉ፤ ጉዳት እንደሌለው ከተደጋገመ በኋላ ግን መታጠፉን ተዉት። ደክመው ነው እንዳይባል በሌላ መንገድ ሲናወጡ ታጠፉ። ከ28 ቀን በኋላም ሲጣሉ ይህን ያልረሱ መስለው ተገኙ። በደብዛዛ ብርሃን ያደጉት፣ ማለትም ቅጠል ማጠፍ ይበልጥ የሚጎዳቸው፣ ከሌሎቹ ፈጥነው መላመዳቸው በተለይ ልብ የሚባል ነገር ነው። ይህ ትዝታ ይባል ወይስ ሌላ ስም ይሰጠው በሚለው ላይ ሊቃውንቱ ዛሬም አይስማሙም። እኔ በበኩሌ «ትዝታ» የሚለውን ቃል ለጊዜው ባናቸኩለው እመርጣለሁ፤ መከዳው ውስጥ ያሉት በሮች ያለፈው ነገር በምን መልክ እንደተመዘገበባቸው ሳይታወቅ ቃሉ ብቻ ቢቀድም ጥያቄው የተመለሰ ይመስለናልና።

በመጨረሻ ስለ መትከል እጽፋለሁ፤ ይህን ሁሉ የሰማ ሰው ዘሯን ሊፈልግ ይችላልና። የሚሞሳ ዘር እንደ ግራር ዘር ቅርፊቱ ጠንካራ ስለ ሆነ፣ በችግኝ ጣቢያ ለግራር እንደሚደረገው፣ ሙቅ ውኃ ላይ አፍስሶ ቀዝቅዞ እስኪያድር መተው ያበቅለዋል። ሆኖም ከማሰሮ ውጭ እንዳትወጣ እለምናለሁ። ሚሞሳ ፑዲካ በብዙ ሞቃታማ አገሮች አረም ሆናለች፤ ረጅሟ እህቷ ሚሞሳ ፒግራ የሰሜን አውስትራሊያን ረግረጎች ወርራ የጎሽና የወፍ መዋያ አሳጥታለች፤ ሌላዋ እሾሃማ እህቷ ሚሞሳ ዲፕሎትሪካ ደግሞ በራሳችን ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በግጦሽና በእርሻ መሬት ላይ እየተስፋፋች ነው። በዚህ ወገን ውስጥ ሚሞሲን የተባለ መርዛም ንጥረ ነገር አለ፤ በሉኪናም ውስጥ ያለው ይኸው ስለ ሆነ ሉኪና ብቻ አብዝቶ የበላ አህያና ፈረስ ፀጉሩ ይረግፋል፤ ለከብትም ቢሆን ከሌላ መኖ ጋር መደባለቅ ይገባል።

ወሎ ደግሞ ቅንጬ አረም በሚባለው ፓርቴኒየም የቆቦና የአካባቢው ማሳ እንዴት እንደተያዘ አይቷል፤ በምሥራቅ ድንበሩ በአፋር ሜዳ ፕሮሶፒስ፣ ይህም ራሱ ከአተር ቤተሰብ የሆነ ዛፍ፣ የግጦሽ መሬት ሲውጥ አይቷል። የሚሞሳ ፑዲካ ፍሬ በዳሩ ጠንካራ ፀጉር ስላለው በበግ ሱፍና በሰው ልብስ ላይ ተጣብቆ ይሄዳል። ስለዚህ የተከላት ሰው ፍሬዋ ሳይደርቅ በአረንጓዴው ለቅሞ ቢያቃጥለው፣ ማሰሮውንም ከግቢ በር ይልቅ ከመስኮት ሥር ቢያኖረው መልካም ነው። የእህቴ ልጅ አሁን አንዷን በጣሳ አሳድጎ በመስኮት ሥር አኑሯታል፤ ፍሬዋንም በየሳምንቱ ቅዳሜ ይለቅማል፤ ቅጠሏን ግን በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ሊነካት ከአያቱ ጋር ተስማምቷል።